ሲስተር አበራሽን እንዴት እንዳስቀመጥናት

የሲስተር አበራሽን ሞት የሰማሁት ፎቶ ኮፒ ሳነሳ ነው። የአንድ ሰውዬ የልደት ሰርተፊኬት ማሽኑ ውስጥ እንዳለ ስልኬ ጮኸ። ደዋይዋ ልጇ ሰብለ ናት። ከቤታቸው ከወጣሁ ስድስት ወር አልፎኛል። በስድስት ወር ውስጥ አንድ ቀን ደውላልኝ አታውቅም፤ እኔም አልደወልኩም።

«እማዬ አረፈች» አለችኝ። «ግን ምንም አልተሰቃየችም። ቁርሷን በልታ፣ ወንበሯ ላይ እንደ ተደገፈች፣ እንዲሁ ቀረች። በክብር ነው የሞተችው።»

«እትዬ ሰብለ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን «እግሯ አብጦ ነበር?» የሚል ነው።

«ምን አልሽ?» አለችኝና መልሴን ሳትጠብቅ ዘጋችው።

ሰውዬው ሰርተፊኬቱን እየጠበቀ «ሰው ሞተብሽ እንዴ?» አለኝ።

«አዎ።»

«እናትሽ ናት?»

«አይደለችም።»

«እህ» አለና በአገጩ ወደ ማሽኑ አመለከተኝ። ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠሁት። ከዚያ ሱቁን ዘግቼ በእግሬ ወጣሁ። ባጃጅ መሳፈር አስጠላኝ።

ይህን የምጽፈው ድንኳኑ ውስጥ የተወራውን ስለ ሰማሁ ነው። እዚያ የተወራላት ሴትዮ ወንበር ላይ ተወልዳ ወንበር ላይ ያደገች ነው የምትመስለው። እኔ የማውቃት ሌላ ሴት ናት። ያቺ ሌላዋ ሴት እንዴት እንደ ጠፋች ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እጄ አለበት።

ሲስተር አበራሽ ነርስ ነበረች። ከደጋ የመጣችው በሃያዎቹ ዕድሜዋ ነው፤ ለሁለት ዓመት ተብላ ተመድባ ጡረታ እስክትወጣ ጋምቤላ ቀረች። ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ ካደግነው ብዙዎቻችን ክንዳችን ላይ ያለውን ጠባሳ ያተመችልን እሷ ናት። እኔንም ወግታኛለች። እናቴ እንደምትለው፣ እኔም አልማርኳትም፤ ነክሻታለሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ያገኘሁት ሥራ እሷን መጠበቅ ነበር። «መጠበቅ» የሰብለ ቃል ነው። ሰብለ በአንድ ቢሮ ውስጥ ትልቅ ወንበር ይዛለች፤ ባሏም እንደዚያው። እናቷን ከራሷ ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጎን ባሉት ሁለት ክፍሎች አኑራታለች።

«ሥራው ቀላል ነው» አለችኝ። «እማዬ እንዳትለፋ ነው የምፈልገው። ውሃ ካሰኛት አንቺ ትነሻለሽ፣ ነጠላዋን ከፈለገች አንቺ ትነሻለሽ። ዕድሜዋን ሙሉ ለፍታለች፤ አሁን አንድ ነገር እንድታነሳ አልፈልግም። ገባሽ?»

ገባኝ። ምኑ ይከብዳል?

ሰብለ ቢሮ እንደ ሄደች ወደ ሲስተር ጠጋ ብዬ «ምን ላምጣልዎት?» አልኳት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«አንቺ በይኝ» አለች።

«እንዴ! እንዴት አድርጌ?»

«አንቱ የሚለኝ ሰው ሁሉ ቀጥሎ የሚያመጣው ወንበር ነው። አንቺ የሚለኝ ነው ነይ እንሂድ የሚለኝ። ነክሰሽኝ ስታበቂ አሁን አንቱ ትይኛለሽ?»

ታስታውሰኛለች! ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅየዋን አንቱ፣ እናትየዋን አንቺ የምል ጉደኛ ሠራተኛ ሆንኩ። ሰብለ ስትኖር ግን ሁለቱንም አንቱ እል ነበር። ሲስተር ያን ጊዜ ዓይኗን ወደ ጣሪያ ትሰቅላለች።

በዚያው ቀን «እግርሽን ስጪኝ» አለችኝና ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ ብሎ አጥንቱ ላይ በአውራ ጣቷ ተጫነችኝ። ያማል። ስትለቀው ቆዳዬን አየችና «ድንጋይ ነሽ» አለችኝ። ከዚያ የራሷን ተጫነች። በእሷ ቆዳ ላይ የአውራ ጣቷ ልክ ትንሽ ጉድጓድ ቀረ። «ቁጠሪ» አለችኝ። አንድ፣ ሁለት ስል ጉድጓዱ ሞላ።

«ሁለት ጥሩ ነው። አምስት ሲደርስ ለኔ ንገሪኝ። አሥር ሲደርስ ለቄሱ ንገሪልኝ።»

ሰው ሁሉ ላይ ነበር የምትጫነው። ጎረቤት ሊጠይቃት ሲመጣ፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ጎንበስ ብላ እግሩን ትይዘዋለች። «ደም ሰነፍ ነው» ትላለች፤ «ወደ ታች መውረድ እንጂ መውጣት አይወድም። ጎትቶ የሚያወጣው ባት ነው። ባት ካልሠራ ልብ ብቻውን ምን ያድርግ?» ይህን ስትል አንድ እጇን ጨብጣ ትፈታለች፣ ትጨብጣለች፣ ትፈታለች።

እሷ የምታውቀው አንድ መድኃኒት መሄድ ነው። ፀሐይ ሳትከር፣ ከኒውላንድ እስከ ባሮ ድልድይ፣ ከዚያ መመለስ። ጫማዋ ነጭ ሸራ ነበር፤ የወንድ ጫማ፣ አንድ ቁጥር የሚሰፋት። የግራው ማሰሪያ ሲበጠስ በቁስል ፋሻ አስራዋለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስርና፣ ያንን ጫማ ትጫማና፣ ትወጣለች። እኔ ከኋላ እያዛጋሁ እከተላለሁ። ዕድሜዋ ስድሳ ዘጠኝ ነው፤ የኔ ሃያ። የምትቀድመው እሷ ነች።

ችግሩ ባጃጆቹ ናቸው። እንዴት አድርጌ ላስረዳችሁ? ይወዷታል።

«ሲስተር! ይግቡ፣ ይግቡ፣ በነፃ ነው!»

«በነፃ ከሆነ ሌላ ሰው ጫንበት፣ የኔ ልጅ።»

«እንዴ፣ እርስዎን በእግር አስኪጄማ! ምን ይለኛል ሰው?»

አንድ ቀን አንዱ ወርዶ፣ ክንዷን ይዞ፣ እንደ ዕቃ አስገብቶ ቤቷ ድረስ አመጣት። ልትከራከረው ብትሞክር «እናቴን ያዋለዷት እርስዎ ነዎት» እያለ ያለቅስ ጀመር። ካደረሳት በኋላ እንደገና ወጣን። መንገዱ ዳር ያሉት መጋዘኖች ጋ ስንደርስ ሌላው አገኘን። ሦስተኛው የመለሰን ጊዜ ፀሐይዋ ከርራ ነበር። ሲስተር በሩ ላይ ቆማ የሄደውን ባጃጅ እያየች ያለችው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

«በዚህ ከተማ አንዲት አሮጊት በእግሯ እንድትሄድ ሰው ሁሉ ክፉ መሆን አለበት።»

በደረስንባቸው ቀናት ድልድዩ አጠገብ የምናገኛት አሪየትን ነው። አሪየት አኙዋክ ናት፤ ሲስተር ኢታንግ ወረዳ ጤና ጣቢያ ስትሠራ የጣቢያው ጽዳትም አስተርጓሚም ነበረች። ሁለቱ የክትባት ሳጥን ይዘው መንደር ለመንደር ዞረዋል። ክረምት ባሮ ሞልቶ ሜዳው ውሃ ሲሆን አሪየት ሳጥኑን በራሷ ተሸክማ፣ ሲስተር መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልላ በጥርሷ ነክሳ ይሻገሩ ነበር። አሁን አሪየት ዓሣ በሳፋ ተሸክማ ትሸጣለች። ከሲስተር በዕድሜ ትበልጣለች እንጂ አታንስም።

ሲስተር ገና እንዳየቻት ጎንበስ ብላ እግሯን ትይዛለች። ትጫናለች። ምንም።

«ድንጋይ! እዪ፣ ድንጋይ!» ትለኛለች።

አሪየት ትስቃለች። «አንቺ ሀብታም ነሽ፣ አበራሽ። አንቺን ቁጭ በይ የሚል ሰው አለ። እኔን ማን ቁጭ በይ ይላል? ዓሣው ነው የሚለኝ፦ ‹ተነሺ አሪየት፣ እሸታለሁ›።»

«እንቀያየር?»

«ጉልበቴንም ትወስጃለሽ? ሌሊት ሌሊት ያለቅሳል።»

«ጉልበትሽ ይቅርብኝ።»

«እ! ባቴን ብቻ! ሌባ!»

ይህን የምነግራችሁ የአሪየት ኑሮ የሚያስቀና ስለሆነ አይደለም። አያስቀናም። አሪየትን ያስኬዳት ድህነት ነው፤ ሲስተርን ያስቀመጣት ክብር ነው። በመሐል ሰው ወዶ የሚሄድበት መንገድ አጣሁ።

የሰፈሩ ሴቶች ነገሩን ለሰብለ ያደረሱት ከእድር ሲመለሱ ነው። እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ አሰጣ ነበር፤ ሰምቻለሁ።

«እናትሽን ድልድዩ ጋ አየናቸው። በሸራ ጫማ። ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት፣ ምነው?»

«አይ፣ ያው… ባል የሌላት ሴት በማለዳ ወንዝ ዳር… ከዓሣ ሻጭ ጋር ተቀምጠው ሲስቁ… ሰው መቼም አፉ አያርፍም። ጧሪ የላቸውም እንዴ ብሎ የጠየቀም አለ።»

ሰብለ ፊቷ በርበሬ መሰለ። አልፈርድባትም፤ እዚህ አገር ይህ ስድብ ነው፣ ያውም ትልቁ። ግን በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት አንድ ጡረተኛ አስተማሪ በየቀኑ ከዘራ እያወዛወዙ ያልፋሉ። እሳቸውን ሰው ሁሉ «ጎበዝ፣ ስፖርት ይሠራሉ» ይላቸዋል። ሲስተር ይህን ስነግራት ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ።

«አሪየት ስትሄድ ሥራ ነው። አስተማሪው ሲሄድ ስፖርት ነው። እኔ ስሄድ መጃጀት ነው።»

ወንበሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንድ ልጇ በአይሱዙ ጭኖ ላከው። ትልቅ፣ ባለ መደገፊያ፣ ቡናማ ከፋይ፤ በጋምቤላ ሙቀት ከፋይ! ሰብለ እንዳይቆሽሽ ብላ ላስቲኩን አላወለቀችለትም። ሲስተር ከላዩ ስትነሳ ላስቲኩ ከጭኗ ሲላቀቅ ፕላስተር ከቁስል ላይ ሲነሳ እንደሚጮኸው ይጮሃል። በዚህም ሰብለ ዋናው ቤት ሆና እናቷ መነሳቷን ትሰማለች። «እማዬ! ምን ፈለግሽ? ቁጭ በይ፣ ልጅቷ አለች አይደል!»

ቀጥሎ መውጣት ተከለከለ። በዚያው ሰሞን ከተማው ተረብሾ ነበር፤ ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል፣ ማለዳ አይወጣም። ሰብለ «መንገዱ ያስፈራል» ስትል እውነቷን ነው። ከተማው ከተረጋጋ በኋላ ግን መንገዱ ለሁሉ ተከፈተ፣ ለእናቷ ሳይከፈት ቀረ።

ሲስተር ወደ እኔ ዞረች። «የጓሮው በር ቁልፍ የት ነው?»

«የተከለከለ ነው እኮ!»

«ቁልፉ የት ነው አልኩሽ እንጂ፣ ተፈቅዷል ወይ አላልኩሽም።»

ከወንበሩ ላይ ቀስ ብላ፣ ላስቲኩን በመዳፏ ጫን አድርጋ፣ እንዳይጮህ አባብላ ትነሳለች። ጫማዋን በእጇ ይዛ ጓሮ ድረስ በባዶ እግሯ ትሄዳለች። ሰብለ ከእንቅልፏ ሳትነሳ ድልድዩ ደርሰን እንመለሳለን። አንድ ወር ያህል እንዲህ ሄድን። በሕይወቴ እንደዚያ ወር የሳቅኩበት ጊዜ የለም። ሁለት ሌባ ነበርን፤ የምንሰርቀው የራሷን እግር።

ያጋለጠን ቅጽ ነው።

አንድ ቅዳሜ አንድ ረዥም ወጣት ታብሌት ይዞ መጣ። ስለ አረጋውያን የአካል እንቅስቃሴ እያጠኑ ነው አለን። ሰብለ ቤት ነበረች፤ ደስ አላት፣ እንግዳ ሲመጣ እናቷ እንዴት እንደ ተያዘች ማሳየት ትወዳለች። ለስላሳ አስቀረበችለትና ከወንበሩ ጎን ቆመች።

«ዕድሜዎ ስንት ነው፣ እናቴ?»

«ስድሳ ዘጠኝ።»

«ሰባ አምስት በል» አለች ሰብለ። «እሷ ትቀንሳለች።»

«የወለድሽኝ አንቺ ነሽ እንዴ?» አለቻት ሲስተር። ልጁ ሳቁን ዋጠና ስድሳ ዘጠኝን ጻፈ።

«የትዳር ሁኔታ?»

«ባሌ ሞቷል።»

«የትምህርት ደረጃ?»

«አንተን የከተብኩ ነኝ። እጅህን አሳየኝ እስቲ።»

ልጁ እጅጌውን ሰበሰበ፤ ጠባሳው አለ። «የማታር ከተማ ልጅ ነኝ እኮ፣ እናቴ።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ነው የከተበህ። ጥሩ ነው የሠራው። ዲፕሎማ በል።»

«ከማን ጋር ይኖራሉ?»

«ከዚህ ወንበር ጋር።»

«እማዬ!» አለች ሰብለ።

ልጁ ቀጠለ። «ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ፣ ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ ያህል በእግርዎ የሄዱት በስንት ቀናት ነው?»

«ዜሮ በል» አለች ሰብለ፤ ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበር። «ተመስገን፣ ምን ጎድሎባት ትሄዳለች? ሁሉ እጇ ድረስ ይመጣላታል።»

‹ዝም በይ፣ ሲስተር፤ አንድ ጊዜ ዝም በይ› እያልኩ በልቤ ለመንኳት።

«ሰባት» አለች ሲስተር አበራሽ።

ልጁ ሁለቱንም ተመለከተ። «የማንን ልጻፍ?»

«ሰባት ነው። ከዚህ እስከ ድልድዩ፣ ደርሶ መልስ። ጻፍ።»

«ዜሮ ካልኩት ታብሌቱ የሚቀጥሉትን ጥያቄዎች ይዘላቸዋል…» አለ ልጁ፤ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ሰብለ ግን አሁን ወደ እሱ አይደለም የምታየው። ወደ እኔ ነው።

ልጁ ከሄደ በኋላ ሲስተርን «ምናለ ብትዋሺ!» አልኳት፤ እንባዬ መጥቶ ነበር።

«ቅጽ ላይ አይዋሽም» አለችኝ። «ሠላሳ ምናምን ዓመት ቅጽ ሞልቻለሁ። ያልከተብሽውን ከተብኩ ብለሽ ብትጽፊ የሚሞተው ያ ልጅ ነው። በአፌ ስንት ጊዜ ዋሽቻለሁ። በቅጽ አልዋሽም።»

ይኸው ነው የሷ ስህተት። በሕይወቷ ሙሉ ያመነችው ወረቀት አሳልፎ ሰጣት።

በማግስቱ ሰብለ ወጥ ቤት ጠራችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም።

«የልጅነቴን ነገር ልንገርሽ» አለችኝ። «ከትምህርት ቤት ስመጣ በሩ ዝግ ነው። እናትሽ የት ናት? ሄዳለች። ኢታንግ ሄዳለች፣ መንደር ሄዳለች። ታምሜ ተኝቼ እንኳ የሰው ልጅ ልትወጋ ሄዳለች። ሁሉም ሲስተር፣ ሲስተር ሲላት እኔ ጎረቤት ቤት በር ላይ ነው ያደግኩት። አሁን ትቀመጥልኝ። አንድ ጊዜ ትቀመጥልኝ። ነውር ነው?»

ወደ በሩ ሄደችና ዞር አለች።

«ያንን ጫማ ከዛሬ በኋላ ማየት አልፈልግም። እንደገና ከወጣች አንቺም ትወጫለሽ።»

እንጀራዬን አስቤ ነው ብላችሁ ይቅር እንዳትሉኝ። እንጀራዬንም አስቤያለሁ፤ ግን ሰልችቶኝም ነበር። በጨለማ መነሳት፣ መደበቅ፣ በሁለት ሴቶች መሐል መሆን። ጫማውን አነሳሁና ከሰል ጆንያ ውስጥ፣ ታች ድረስ እጄን ሰድጄ ቀበርኩት።

ንጋት ላይ ሲስተር አልጋዋ ሥር በእጇ ስትዳብስ ደረስኩ።

«ጫማዬን አይተሻል?»

«አላየሁም።»

ቀና ብላ ያየችው ፊቴን አይደለም፤ እጄን ነው። ጥፍሮቼ ሥር ጥቁር ከሰል ነበር። እኔም ያኔ ነው ያየሁት።

«እጅሽን ታጠቢ» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችኝም። ያን ቀን ብትሰድበኝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

በሦስተኛው ቀን በነጠላ ጫማ ብቻዋን ወጣች። እኔን አልቀሰቀሰችኝም። ከጓሮው በር ሃያ እርምጃ ሳትርቅ ጫማው አዳለጣትና ቦዩ ውስጥ ወደቀች። የእጅ አንጓዋ ተሰበረ፣ እግሯ ደህና ነበር። ሰብለ አልቅሳ ስታበቃ «አላልኩም? አላልኩም?» ትላለች፤ ሰፈሩም «አላለችም?» ይላል። ጫማውን ማን እንደ ደበቀው የጠየቀ የለም።

እጇን ያሰረላት ወጣት ዶክተር ትሑት ነበር። ሲስተር «ወረቀቱ ላይ ‹በየቀኑ በእግሯ ትሂድ› ብለህ ጻፍልኝ፣ ማኅተምም አድርግበት» አለችው። ሳቅ ብሎ ሰብለን ቀና ብሎ አየ።

«ይሄዳሉ፣ እናቴ። ሲሻልዎት፣ ቀስ ብለው» አለና ጻፈ። ወረቀቱን ተቀበለችው። «ዕረፍት» ይላል።

«የስንት ቀን?» አለችው።

«እንዴ፣ ያው… እንደ አስፈላጊነቱ።»

«መድኃኒት ያለ መጠን ይጻፋል? ማን ነው ያስተማረህ?»

ልጁ ጆሮው ቀላ። ቀኑን ግን አልጻፈውም። ሰብለ ወረቀቱን በወንበሩ ትይዩ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ በኋላ ሲስተር ልትነሳ ስትል ማንም አይከራከራትም፤ በጣቱ ወደ ወረቀቱ ያመለክታታል። እኔም አመልክቻለሁ።

ቀኑን ሙሉ ተቀመጠች። ሰው ይመጣል፣ ይጠይቃታል፣ ይመርቃታል፣ «ልጅዎ ይባረክልዎት፣ ምን ጎደለዎት!» ብሎ ይሄዳል። እሷ የሰው እግር መያዝ ተወች። የራሷን ብቻ ነው የምትጫነው። ሦስት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አራት። ከዚያ አምስት።

«አምስት ደረሰ» አልኳት፤ ንገሪኝ ብላኝ ነበርና።

«እኔማ አየሁት። ለሰብለ ንገሪያት።»

ነገርኳት። ሰብለ በዚያው ቀን የእግር ማሳረፊያ በርጩማ ገዝታ መጣች፤ ትራስም ጨመረችበት።

ያን ጊዜ ከከሰሉ ጆንያ ጫማውን አወጣሁት። ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠብኩት፤ ነጭ አልሆነም። ሰብለ ቢሮ እንዳለች ከፊቷ ተንበርክኬ ላጫማት ሞከርኩ። ጣቶቿ ገቡ፣ ተረከዟ እምቢ አለ። እግሯ አብጦ የሰው እግር አይመስልም። ያ አንድ ቁጥር ይሰፋት የነበረው ጫማ!

«ፋሻውን ፍቺው» አለችኝ። ፈታሁት። ግማሹ እግሯ ውጭ ቀረ።

ራሴን በእጇ ዳበሰችኝ። «መልሺው፣ የኔ ልጅ» አለች። «ከሰሉ ውስጥ መልሺው።»

ቁጥሩ ስምንት ሲደርስ ሥራ ለቀቅሁ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሠራተኛ ይፈልግ ነበር፤ እውነቱ ግን አሥርን መቁጠር አልፈለግሁም። ልሰናበታት ስገባ ዓይኗን ከግድግዳው ሳታነሳ ጠየቀችኝ።

«ተቀምጠሽ ነው ወይስ ቆመሽ የምትሠሪው?»

«ቆሜ።»

«ሂጂ።»

በስድስት ወር አንድ ቀን ሄጄ አላየኋትም። ከኒውላንድ ኒውላንድ።

ድንኳኑ የተጣለው ግቢው ውስጥ ነው። ስደርስ ሞልቷል። ወንበሩንም አውጥተውታል፤ ለክብር እንግዳ ተብሎ ይሆናል ፊት ለፊት ቆሟል፣ ላስቲኩም ገና ከላዩ ነው። ማንም አልተቀመጠበትም። አሪየት ከድልድዩ በእግሯ መጥታ የድንኳኑን እንጨት ተደግፋ ቆማለች፤ ሁለት ሰው ወንበር ቢያቀርብላት እምቢ ብላለች።

ከእድሩ ሴቶች አንዷ፣ በዕድሜ የገፉት፣ ጮክ ብለው ያወራሉ። «እንዲህ ያለ ሞት ለኛም ይስጠን። ምን ጎደለባቸው? ልጅ እንደዚህ ይጡር! አንድ ዓመት ሙሉ እግራቸው መሬት ሳይነካ…»

«መሬት ሳይነካ!» አሉ ሌሎቹ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሰብለ እያለቀሰች «ምንም አላጎደልኩባትም» ትላለች። እውነቷን ነው። ይኸው ነው የሚያናድደው፤ እውነቷን ነው።

«ጫማዋን የደበቅኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

በልቤ ያልኩት መስሎኝ ነበር። ለካ በአፌ ነው፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እንግዲህ ከጀመርኩ ብዬ ቀጠልኩ። «መሄድ ነበር የምትፈልገው። ካልሄድኩ እሞታለሁ ብላናለች፤ ነርስ ናት፣ ታውቃለች። ጫማዋን ከሰል ውስጥ የቀበርኩት እኔ ነኝ። እሷ አልተጦረችም። እኛ ነን…»

ይሰድቡኛል፣ ያስወጡኛል ብዬ ነበር። እንዲያስወጡኝ ፈልጌ ነበር። ሰብለን ፈለግኳት፤ በነጠላዋ ተሸፍናለች።

አሮጊቷ ተነሱና መጡ። ትከሻዬን አቀፉኝ። «አይዞሽ፣ ልጄ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ማር ነው። «ሐዘን ነው የሚያስለፈልፍሽ። ወደድሻቸው፣ ምስኪን። ደክሞሻል። ቁጭ በይ።»

«አልደከመኝም።»

«ደክሞሻል፣ ደክሞሻል። ወንበር አምጡላት!»

አንድ ነገር ከኋላ ጉልበቴን ነካኝ። ዞር ብዬ ሳላይ ጉልበቴ ታጠፈ። ላስቲኩ በቀሚሴ ላይ ተጣበቀ፤ ያኔ ነው የትኛው ወንበር እንደሆነ ያወቅኩት። አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ታራግብልኛለች። ሌላዋ እጄን ይዛለች። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። በሴቶቹ መሐል አሪየት እንጨቱን ለቃ ስትወጣ አየኋት፤ መሬት መሬቱን እያየች፣ በፍጥነት፣ ወደ ድልድዩ። ልከተላት ፈልጌ ወንበሩን በሁለት እጄ ገፋሁ። ላስቲኩ ጮኸ።

አሮጊቷ ሰሙ። አንድ ብርጭቆ ውሃ አፌ ላይ ደገኑልኝ።

«ጠጪ» አሉኝ። «አትነሺ።»